ዛንዚባር ላይ ስኖርክሊንግ፦ ከማስኩ በፊት ጨረቃዋን ማየት

ስኖርክሊንግ ማለት ማስክ አድርጎ፣ በመተንፈሻ ቱቦ (በስኖርክል) እየተነፈሱ፣ ፊትን ውሃ ውስጥ ነክሮ የባሕሩን ውስጥ እያዩ መዋኘት ነው። ለሥራም ሆነ ለኑሮ ዛንዚባር የገባ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ማስክ የት እንደሚሸጥ ነው። መቅደም ያለበት ግን ጨረቃዋ ስንተኛ ቀኗ ላይ እንዳለች ነው። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ የወረደ ሰው ባሕሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሸሽቶ ሊጠብቀው ይችላል። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት ቢመለስ ያው ቦታ ሰው የሚያሰጥም ውሃ ሆኖ ያገኘዋል። በዚህች ደሴት ላይ ጥሩ ዕቃ ይዞ መጥፎ ሰዓት ላይ ከመውጣት ተራ ዕቃ ይዞ ጥሩ ሰዓት ላይ መውጣት ይሻላል።

ሙላትና ጉድለት

ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ጨረቃ ሙሉ ወይም ጠፍ በምትሆንበት ጊዜና በማግስቱ ባሉት አንድ ሁለት ቀናት በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ያልፋል፤ 4 ሜትር የሚጠጋበት ቀንም አለ። ዓሣ አጥማጆቹ ይህን ወቅት ባምቩዋ ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ልዩነቱ ወደ 1 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ማጂ ማፉ ነው።

ዛንዚባር ላይ ለሚኖር ሰው በቃል ሊያዝ የሚገባው ነገር ይህ ነው፦ በባምቩዋ ቀናት ውሃው የሚጎድለው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የሚሞላው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነው። በማጂ ማፉ ቀናት ይገለበጣል፤ ጠዋት ይሞላል፣ ከሰዓት በኋላ ይጎድላል። ነፋስ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሆነ፣ ጠዋት ሙሉ ውሃና ጸጥ ያለ ባሕር አንድ ላይ የሚገኙት በማጂ ማፉ ሰሞን ነው። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ ቀን የለም፤ ፍሰቱም ያን ጊዜ ደካማ ነው።

ትክክለኛውን ሰዓት ከሙላትና ጉድለት ሰንጠረዥ ያንብቡ። ሆቴሎችና የመጥለቂያ ማዕከላት ይለጥፉታል፤ በስልክም ይገኛል። ሰንጠረዡ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚጻፍ 10:15 የሚለው በእኛ 4:15 ነው። ታንዛኒያና ኢትዮጵያ አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ናቸው፤ ስዋሂሊ ተናጋሪውም እንደ እኛው ሰዓትን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራል። ባለ ጀልባው «ሳአ ንኔ አሱቡሂ» ካለ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ማለቱ ነው። ችግር የሚፈጠረው በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ነው፦ አንዱ በፈረንጅ፣ ሌላው በአገሩ ሰዓት ያስብና ጀልባው ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይመጣል። በስዋሂሊ መቀጣጠር ይህን ያስቀራል።

ውሃው የሚሞላውም የሚጎድለውም በእኩል ፍጥነት አይደለም። ስድስቱን ሰዓታት ቢከፋፍሉ፣ ከጠቅላላው ለውጥ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ አሥራ ሁለተኛው፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በመጨረሻው አንድ ይደርሳቸዋል። ልዩነቱ 3.6 ሜትር በሆነበት ቀን በመጀመሪያው ሰዓት 30 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል፣ በሦስተኛው ግን 90 ሳንቲ ሜትር። ስለዚህ በምሥራቁ ዳርቻ ከሙላቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ይግቡ፣ ከሙላቱ በኋላ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ይውጡ። ከዚያ ያለፈ ሰው ሁለት ነገር ያጋጥመዋል። አንደኛው፣ ሆዱ ከኮራሉ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከሚገነቡት ድንጋይ መሰል አካል) ጋር መተሻሸት ይጀምራል። ሁለተኛውና የከፋው፣ በሪፉ፣ ማለትም ከዳርቻው ርቆ በተዘረጋው የኮራል ግንብ፣ እና በዳርቻው መካከል የተጠራቀመው ውሃ በሙሉ ሪፉ ክፍት በሆነበት በር በኩል ወደ ውቅያኖስ ሲወጣ ሰውንም ይዞ ይሄዳል። በዚያ በር አካባቢ ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት አይዋኙ፤ የሚገኝበትን ቦታ የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች ያሳይዎታል።

የትኛው ዳርቻ፣ በየትኛው ወር

ነፋሱ ሁለት ነው። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ ይነፍሳል። ኩሲ ደግሞ ከደቡብ ይመጣል፤ ከግንቦት እስከ መስከረም ድረስ ይበረታል። በኩሲ ወራት የምሥራቁና የደቡቡ ዳርቻ ይናወጣል፤ ያን ጊዜ የምዕራቡ ገጽ፣ ማለትም ከስቶን ታውን (ከአሮጌው የዛንዚባር ከተማ) አቅራቢያ ያሉት የባዌና የቹምቤ ደሴቶች፣ እንዲሁም ኬንድዋ ይሻላሉ። በካስካዚ ደግሞ ሰሜን ምሥራቁ ይቸገራል። ውሃው እጅግ የሚጠራው ነፋሶቹ በሚቀያየሩበት ጊዜ፣ በተለይ ጥቅምትና ኅዳር፣ እንዲሁም ከከባዱ ዝናብ በፊት የካቲት ላይ ነው። ማሲካ የሚባለው ዝናብ በሚያዝያ ሲወርድ ከመሬት የሚታጠበው አፈር ባሕሩን ያደፈርሰዋል። የውሃው ሙቀት በነሐሴ 25 ዲግሪ ገደማ ሲሆን በመጋቢት ወደ 29 ይደርሳል፤ ነሐሴ ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ ለሚቆይ ሰው ቀጭን የኒዮፕሪን ልብስ ቅንጦት አይሆንም።

ስለ ቦታዎቹ ፍርድ ለመስጠት ያህል፦ ምኔምባ በሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከማቴምዌ በጀልባ የሚደረስበት ሪፍ ነው፤ ዓሣው ብዙ ነው፣ ጀልባውም ብዙ ነው። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከማቴምዌ የተነሣና 4 ሰዓት ላይ ከሩቅ መንደር የደረሰ ሰው የሚያዩት ባሕር አንድ አይደለም። ቹምቤ ከስቶን ታውን በስተደቡብ የምትገኝ በግል የምትተዳደር ጥብቅ ስፍራ ናት፤ ሪፏ በ1994 በሕግ ተከልሎ ዓሣ ማስገር ቆሟል፣ የጎብኚው ቁጥር የተወሰነ ነው፣ በአየር ጠርሙስ መጥለቅም አይፈቀድም። ውድ ናት፤ ኮራል ሳይነካ ሲቀር ምን እንደሚመስል ለማየት ግን በደሴቱ ዙሪያ የሚተካከላት የለም። ኑንግዊና ኬንድዋ ውሃው ሩቅ ስለማይሸሽ በማንኛውም ሰዓት ለልምምድ ይመቻሉ። ፓጄና ጃምቢያኒ ላይ ያለው ገባ ያለ ውሃ ኮራሉ ጥቂት፣ የባሕር ሣሩ ብዙ ነው፤ ብዙዎች ይንቁታል፣ ሲሳሳቱ ነው። እዚያ በእንጨትና በገመድ የተሠሩት መስመሮች ሴቶች ከ1989 ጀምሮ ምዋኒ (የባሕር አረም) የሚያለሙባቸው እርሻዎች ናቸው። አይርገጧቸው፣ በላያቸውም አይዋኙ፤ ገመዱ ፊን (እግር ላይ የሚጠለቀውን መቅዘፊያ) ይይዛል።

ዕቃ

ማስክ። ማሰሪያውን ወደ ፊት አዙረው ማስኩን ፊትዎ ላይ ያድርጉ፣ በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ይሳቡ፣ እጅዎን ይልቀቁ። ትንፋሽዎን ይዘው ሳሉ አምስት ሰከንድ ሳይወድቅ ከቆየ ልክዎ ነው። ከሲሊኮኑ በታች የገባች አንዲት የፀጉር ዘለላ ውሃ ታስገባለች። ጢም ያለው ሰው ከአፍንጫው በታች ያለችውን ቀጭን መስመር ብቻ ቢላጭ ይበቃዋል። ሹሩባ የተሠራች ሴት ጉንጉኑን ዝቅ አድርጋ አንገቷ ላይ ትሰር፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ፀጉር ማሰሪያውን ያንሸራትተዋል። ውሃ ሲገባ ማሰሪያውን ማጥበቅ የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የጠበቀ ማሰሪያ ግን ሲሊኮኑን አጣጥፎ የባሰ ያስገባል። መነጽር የሚያደርግ ሰው በየግማሽ ዲግሪው የተዘጋጀ ሌንስ ያለው ማስክ መግዛት ይችላል፤ ተራ መነጽር ከማስክ ስር አይገባም።

አዲስ ማስክ ከፋብሪካው የወጣበት ቅባት መስታወቱ ላይ ስላለ ምንም ቢያደርጉት ይጉማል። ነጭ የጥርስ ሳሙና በጣትዎ አድርገው የውስጡን መስታወት ሁለት ደቂቃ ይሹ፣ ይጠቡ፤ ይህን ሦስት አራት ጊዜ ይደጋግሙ። ከዚያ በኋላ በየጊዜው ከመግባትዎ በፊት ምራቅ ወይም በውሃ የተበረዘ የሕፃን ሻምፑ መቀባት በቂ ነው። ጉሙ የሚመጣው ከፊትዎ የሚወጣው ሞቃት እርጥበት በቀዝቃዛው መስታወት ላይ ጠብታ ሲሆን ነው፤ ሻምፑው ጠብታውን ዘርግቶ ስስ ያደርገዋል። በአፍንጫው የሚተነፍስ ሰው ግን ምንም ቢቀባ አይተርፍም።

ስኖርክል። ቀላሉን፣ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ይምረጡ። ቱቦው ሲረዝም ያወጡት የተቃጠለ አየር ተመልሶ ይገባል። ከላይ ብዙ ቫልቭ ያላቸው «ደረቅ» የሚባሉት ውሃ ይከለክላሉ፣ ግን አየር ለመሳብ ያስቸግራሉ፤ የደከመ ሰው ይህን ጉልበት አያገኝም። ፊት ሙሉ የሚሸፍነው ማስክ ለጀማሪ የተመቸ ይመስላል። አይግዙት፦ ውሃ ሲገባው በአፍ ገፍቶ ማውጣት አይቻልም፣ በድንጋጤ ጊዜ ለማውለቅ ይዘገያል፣ ጠለቅ ብሎም ጆሮን ለማስተካከል አፍንጫ አይያዝበትም።

ፊን። አጭርና ተረከዙ ዝግ የሆነ፣ የማይቆረቁርና የማይወልቅ። ለፀሐይ ደግሞ እጀ ረጅም የዋና ሸሚዝና እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ሱሪ ከማንኛውም ክሬም ይበልጣል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚል እምነት አለ፤ ለሁለት ሰዓት በሆዱ የተኛ ሰው የጭኑ ጀርባና ወገቡ ማታ መልሱን ይሰጡታል። ክሬም ካስፈለገ ኦክሲቤንዞን የሌለበትን፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ይፈልጉ፤ ቆዳ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ሸሚዙን የምናስቀድመውም በዚህ ነው።

ከጀልባ በፊት የሚሠራ ልምምድ

ሶደሬ ወይም ላንጋኖ ዋና የለመደ ሰው እዚህ ሲደርስ የሚገርመው ጨዋማው ውሃ እንዴት እንደሚያንሳፍፈው ነው። ዋና የማይችል ሰው ግን በዚህ አይታለል። ኬንድዋ ላይ፣ ወገብ በሚደርስ ውሃ፣ ከሰው ጋር ሆነው ይጀምሩ።

1. ቆመው፣ ጎንበስ ብለው ፊትዎን ብቻ ይንከሩ። አምስት ደቂቃ ሙሉ በአፍ ብቻ፣ በዝግታና በጥልቀት ይተንፍሱ። አጭርና ፈጣን ትንፋሽ ቱቦው ውስጥ ያለውን አሮጌ አየር ብቻ ያመላልሳል፤ የመታፈን ስሜቱ ከዚያ ይመጣል።
2. ቆመው ሳሉ ጭንቅላትዎን ዝቅ አድርገው ቱቦው ውሃ እንዲሞላ ያድርጉ፣ ከዚያ «ቱ!» ብለው በኃይል ያውጡ። ቀጣዩን አየር ቀስ ብለው ይሳቡ፤ የቀረ ጠብታ ሊኖር ይችላል። አሥር ጊዜ ያለ ሳል እስኪሆን ይደጋግሙት።
3. ማስኩን ትንሽ ከፍተው ውሃ ያስገቡ። ቀና ብለው የላይኛውን ጠርዝ በጣትዎ ግንባርዎ ላይ ይጫኑ፣ በአፍንጫ ይንፉ፤ ውሃው ከታች ይወጣል።
4. በሆድዎ ይንሳፈፉ፣ እጅዎን ዘና ያድርጉ። ፊኑን ከዳሌ ይምቱ፤ ከጉልበት የሚመታ ሰው ብስክሌት እንደሚነዳ ሆኖ አንድ ቦታ ይቀራል።
5. ፊን አውልቀው 200 ሜትር ሳይቆሙ መዋኘትና አሥር ደቂቃ በጀርባ መንሳፈፍ እስኪችሉ ድረስ ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት ጀልባ አይውጡ።

ወደ ታች ጠልቆ ማየት የሚፈልግ ሰው ከሁለት ትንፋሽ በላይ ደጋግሞ አይሳብ። ብዙ ጊዜ በፍጥነት መተንፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ይቀንሳል እንጂ ኦክሲጅን አይጨምርም፤ «ተንፍስ» የሚለው የሰውነት ጥሪ ስለሚዘገይ ሰው ሳያውቀው ራሱን ስቶ ይሰምጣል። ጥሩ ዋናተኞችን የሚገድለው ይህ ነው። ጆሮ ሳይታመም፣ ገና በመጀመሪያው ሜትር፣ አፍንጫን ይዞ መንፋት ያስፈልጋል። ጉንፋን ካለ አይጠለቅም።

ሪፉ ላይ

ከመግባትዎ በፊት የታሰረው ጀልባ ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ይዩ፤ ነፋሱ ቀላል ከሆነ ፍሰቱ የሚመጣው ከዚያ በኩል ነው። መጀመሪያ ፍሰቱን ተቃውመው ይሂዱ፣ ሲደክምዎ ፍሰቱ ይመልስዎታል። ባለ ጀልባው ጀልባው ላይ እንደሚቆይ አስቀድመው ያረጋግጡ፤ መሰላል፣ ለእያንዳንዱ ሰው ጃኬት፣ የሚሠራ ስልክ መኖሩንም ይዩ። ምኔምባ ላይ ዋናው አደጋ ሻርክ አይደለም፣ የሌላ ጀልባ ፕሮፔለር ነው። ደማቅ ቀለም ያለው ተንሳፋፊ ይዘው በቡድን ይቆዩ፣ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው እጅ ያንሡ። ፍሰት ከወሰደዎ አይታገሉት፤ ወደ ጎን ይዋኙ፣ እጅዎን እያወዛወዙ ምልክት ይስጡ። ያለ ምክንያት ትንፋሽ ካጠረዎ ግን ያልፍልኛል ብለው አይቀጥሉ፦ ስኖርክሉን ይትፉ፣ በጀርባ ይገልበጡ፣ ይጥሩ። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ይህን ቀድሞ ከሐኪም ጋር ይነጋገርበት።

ብዙ የሚያይ ሰው ብዙ የሚዋኝ አይደለም። አንድ ትልቅ ኮራል መርጠው አምስት ደቂቃ ሳይንቀሳቀሱ ይንሳፈፉ። ጣት የምታክል፣ ሰማያዊና ጥቁር መስመር ያላት ዓሣ ከትልልቆቹ አፍና ጉሮሮ ውስጥ ገብታ ስታጸዳ ያያሉ፤ ሌሎቹ ተራ ይጠብቃሉ። ጆሮዎን ይስጡ፦ የሚሰማው የመፋቅ ድምፅ ፓሮትፊሽ፣ በስዋሂሊ ፖኖ፣ ኮራሉን በጥርሱ ሲግጥ ነው። የፈጨውን አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል፤ ከሚረግጡት ነጭ አሸዋ ብዙው በሆዱ ያለፈ ነው። አኔሞን (አበባ የሚመስል፣ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ) ውስጥ የሚኖሩት ክላውንፊሾች ሁሉም ወንድ ሆነው ይጀምራሉ፤ ትልቋ ሴት ናት፣ እሷ ስትሞት የሚከተላት ወንድ ሴት ይሆናል። ኦክቶፐስን፣ ፕዌዛን፣ ለማግኘት ቀዳዳ አፍ ላይ የተከመረ የዛጎልና የክራብ ቅርፊት ይፈልጉ። ሣሩ ውስጥ ደግሞ ቀይ ጉብጉብ ያላቸው ኮከብ ዓሦችና ዕድል ካለ ሲሆርስ አሉ። ኮከብ ዓሣን ለፎቶ ከውሃ ማውጣት በዛንዚባር ተለምዷል፤ የሚተነፍሰው በውሃ ውስጥ ስለሆነ ይጎዳዋል።

ነጭ ኮራል ሲያዩ ሞቷል አይበሉ። ውሃው ለሳምንታት ከለመደው የበጋ ሙቀት 1 ዲግሪ እንኳ ሲያልፍ ኮራሉ ምግብ የሚሠሩለትን ጥቃቅን አልጌዎች ያስወጣል፤ በ1998 እና በ2016 በዚህ ባሕር የሆነው ይህ ነው። ቶሎ ከቀዘቀዘ ያገግማል። ቡናማ ጠጉር የለበሰው ነው የሞተው። ክብ ክብ ሆኖ የሚያድገው ዓይነት በዓመት 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጨምር፣ በአንድ የፊን ምት የተሰበረው የብዙ ዓመት ዕድገት ነው።

ኤሊ፣ ካሳ፣ ስትወጣ መንገዷን አይዝጉ፤ ለመተንፈስ ነው። ቢያንስ 3 ሜትር ይራቁ። ኪዚምካዚ ላይ ዶልፊኖችን በጀልባ እያሳደዱ ሰው ከፊታቸው የሚዘሉበት ጉዞ ይሸጣል፤ ሞተር አጥፍቶ የሚጠብቅ ባለ ጀልባ ካላገኙ ይቅርብዎ። ዳቦ ለዓሣ የሚበትን አስጎብኚንም እምቢ ይበሉ፦ ዓሦቹ ሰው መንከስ ይለምዳሉ።

የሚጎዱት

አብዛኞቹ የሚጎዱት ሲረገጡ ወይም ሲነኩ ነው። አንዱ ከዚህ ይለያል፦ ትልቁ ትሪገርፊሽ እንቁላሉን ሲጠብቅ ይነክሳል። ክልሉ ከጎጆው ወደ ላይ እየሰፋ ስለሚወጣ ወደ ላይ መሸሽ ከክልሉ አያስወጣም፤ ፊንዎን ወደ እሱ አዙረው አግድም ይሽሹ።

የባሕር ጃርት በምሥራቁ ዳርቻ በሺህ ይገኛል፤ እሾሁ 30 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ቀጭን ጫማም ይበሳል። ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ያድርጉ። ከወጋዎ ብቅ ያለውን በወረንጦ ይንቀሉ፣ ጠልቆ የተሰበረውን በመርፌ አይቆፍሩ፤ የአገሬው ሰው የጥሬ ፓፓያ ወተት ይቀባበታል። መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ሐኪም ይየው።

ድንጋይ መሳዩ ስቶንፊሽ፣ ባለ ክንፉ አንበሳ ዓሣና አሸዋ ውስጥ የሚተኛው ስቲንግሬይ መርዛቸው በሙቀት ይፈርሳል። የተጎዳውን እግር 45 ዲግሪ በሚሆን ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ይንከሩ፣ ሙቀቱን ግን ባልተጎዳው እግር ይለኩት፤ ሕመም የደነዘዘው ይቃጠላል። ጉዞ ላይ የሻይ ቴርሞስ ሙቅ ውሃ መያዝ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። አሸዋ ላይ ሲራመዱ እግር አያንሡ፣ እየጎተቱ ይሂዱ፤ ስቲንግሬዩ ሰምቶ ይሸሻል። ሾጣጣና ያማረ ጥለት ያለው ዛጎል አይነሣም፦ ውስጡ ያለው ቀንድ አውጣ መርዘኛ መርፌ ይወነጭፋል፣ ማርከሻም የለውም።

ከወጡ በኋላ

በኮራል የተፋቀ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ወዲያው በሳሙናና በንጹሕ ውሃ፣ ቢያምም በብሩሽ ይታጠብ፤ የቀረው የኮራል ብናኝ ያመረቅዘዋል። በየቀኑ የሚዋኝ የደሴት ነዋሪን ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን የጆሮ ቱቦ ኢንፌክሽን ነው። ግማሽ ነጭ ኮምጣጤና ግማሽ የቁስል አልኮል ቀላቅለው ከዋና በኋላ በእያንዳንዱ ጆሮ ሦስት አራት ጠብታ ያድርጉ፤ ታምቡሩ የተበሳ ወይም ጆሮው አስቀድሞ የሚያመው ሰው ይህን አያድርግ።

ማስኩንና ፊኑን ጨው በሌለው ውሃ ይዘፍዝፉ። በዳርቻው ብዙ ቤቶች የቧንቧው ውሃ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ የዝናብ ውሃ ቢያጠራቅሙ ይሻላል። ጥላ ላይ ያድርቁ፤ ፀሐይ ሲሊኮንና ላስቲክን ያበላሻል። ወደ ኢትዮጵያ ሲመለሱ ኮራል፣ የኤሊ ቅርፊት ወይም የግዙፍ ክላም ዛጎል ሻንጣ ውስጥ አይክተቱ፤ በዓለም አቀፍ ስምምነት ንግዳቸው የተገደበ ስለሆነ አየር ማረፊያ ላይ ይወረሳሉ፣ ቅጣትም ሊያስከትሉ ይችላሉ።